ለወፎቹ ሲባል፦ በኒውዚላንድ ጓሮ አይጠመጎጥ እንዴት ይጠመዳል

ዌሊንግተን ውስጥ የምንኖርበት ሰፈር ኮረብታ ላይ ነው። ከጓሯችን አጥር ወዲያ ትንሽ ጫካ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጸደይ ወራት፣ ፒዋካዋካ የምትባለው ጅራቷን እንደ ማራገቢያ የምትዘረጋ ትንሽ ወፍ ከአጥሩ ጥግ ባለው ዛፍ ላይ ጎጆ ሠራች። ጎጆዋ ከቡና ሲኒ አይበልጥም፤ ከደቃቅ ሣርና ከሸረሪት ድር የተሸመነ ነው። ሦስት እንቁላል ጣለች። ልጄ በየጠዋቱ በመስኮት እያየች ትቆጥርላት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ጎጆው ወደ ጎን ዘሞ፣ የእንቁላሉ ቅርፊት ጠርዙ ተቀርድዶ ዛፉ ሥር ተበትኖ አገኘሁት። አጥሩ አግዳሚ ላይ ጥቁር፣ ጫፉ የሾለ በጠጥ ነበር። ወፏ ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ስትመላለስ ቆየችና ሄደች።

በዚያው ሳምንት ወጥመድ ገዛሁ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልያዘም። ወጥመዱ ጥፋት አልነበረበትም፤ የተሳሳተው አቀማመጤ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን፣ እዚህ አገር ጓሮ ላላችሁ ወገኖች እንዲጠቅም በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

ነገሩ ለምን እንዲህ ከበደ?

እኛ ባደግንበት አገር አይጥ ጎተራና ጓዳ የሚያበላሽ ጠላት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ኒውዚላንድ ግን ከሌላው ዓለም ተለይታ በቆየችበት ረጅም ዘመን በምድሯ ላይ ከሌሊት ወፍ በቀር ወተት የሚያጠባ የዱር እንስሳ አልነበራትም። ወፎቿ መሬት ላይ መራመድን፣ ዝቅ ብሎ ጎጆ መሥራትን፣ አደጋ ሲመጣ ዝም ብሎ መቆምን ለመዱ። ጠላታቸው ከላይ የሚመጣ አሞራ ነበርና ዝም ማለት ያድናቸዋል፤ እያሸተተ አድኖ ከሚበላ እንስሳ ግን አያተርፋቸውም።

አይጠመጎጡ የመጣው በሦስት ዙር ነው። መጀመሪያ ኪዮሬ የሚባለው ትንሹ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪ ቅድመ አያቶች ታንኳ ጋር በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ደረሰ። ቀጥሎ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትልቁ የኖርዌይ አይጠመጎጥ ከአውሮፓውያን መርከቦች ጋር ገባ። ሦስተኛው የመርከብ አይጠመጎጥ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አገሩን አጥለቀለቀ። ምን ማድረግ እንደሚችል ለማየት ታውኪሄፓ የምትባለውን በአገሩ ደቡብ ጫፍ ያለች ትንሽ ደሴት ማስታወስ ይበቃል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመርከብ አይጠመጎጥ ደሴቷ ላይ ወጣ። 1964 ላይ ሰዎች ሲደርሱ ጫካው ጸጥ ብሎ ነበር። የደቡብ ደሴት ሳድልባክ የሚባሉት ወፎች የቀሩት እዚያ ብቻ ስለነበር 36ቱን አንስተው ወደ ሌሎች ደሴቶች በማሻገር ዘራቸውን አተረፉ። ከነሱ ጋር የነበሩት አንድ የቁጥቋጦ ወፍ፣ ስናይፕ የሚባል ወፍ አንድ ዝርያና አንድ የሌሊት ወፍ ዝርያ ግን ከምድረ ገጽ ጠፉ። ይህ ሁሉ የሆነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

መንግሥት 2016 ላይ ያወጀው ግብ አይጠመጎጥን፣ ስቶት የሚባለውን ቀጭን ሥጋ በልና ፖሰም የሚባለውን ዛፍ ወጪ እንስሳ እስከ 2050 ከአገሩ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነው። ግቡ የሩቅ ይመስላል። ነገር ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ 20 ሺህ ገደማ ሰው ከሚኖርበትና አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከሚራማር ባሕረ ገብ መሬት አይጠመጎጥ መጥፋቱ 2023 ላይ ተነግሯል። የተሠራውም በነዋሪው ጓሮ ውስጥ፣ በነዋሪው ፈቃድና እጅ ጭምር ነው።

የትኛው እንደሆነ ለዩ

የያዛችሁትን ወይም ያያችሁትን መለየት ወጥመዱን የት እንደምታስቀምጡ ይወስናል። የመርከብ አይጠመጎጥ ቀጠን ያለ ነው፤ ጅራቱ ከሰውነቱ ይረዝማል፣ ጆሮው ወደ ፊት ሲታጠፍ ዓይኑን ይሸፍናል። ዛፍ ላይ እንደ ጦጣ ይወጣል፤ ጎጆ የሚዘርፈው በአብዛኛው እሱ ነው። የኖርዌዩ ወፍራም፣ ጅራቱ ከሰውነቱ ያጠረ፣ ጆሮው ዓይኑ ላይ የማይደርስ ነው። መሬት ይቆፍራል፤ ውኃ ዳር ይወዳል፤ ዋናም ይችላል። በጠጡ ጫፉ ከሾለ የመርከቡ፣ ጫፉ ድቡልቡል ከሆነ የኖርዌዩ መሆኑን ገምቱ።

መጀመሪያ ማዕዱን አንሱ

ወጥመድ ከማሰባችሁ በፊት ጓሮው የሚያበላቸውን ነገር አንሱ። የዶሮ መኖ ሌሊት ውጭ አይደር፤ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይቀመጥ። የወደቀ ፍራፍሬ፣ በተለይ ፌይዦዋ፣ ቶሎ ይለቀም። የብስባሽ ሣጥኑ ሥር ቀዳዳው ጠባብ በሆነ የሽቦ ወንፊት ይነጠፍ፤ የተረፈ እንጀራና ወጥ እዚያ አይጣል። እኛ ቤት ከሰንበት በኋላ የሚተርፈው ብዙ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆዱ የጠገበ አይጠመጎጥ ወጥመድ ውስጥ ያለ ምግብ አያጓጓውም።

መኖሩን አረጋግጡ

ርካሽ መንገድ አለ። የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራበትን፣ ውስጡ ቦይ ቦይ ያለው ስስ ፕላስቲክ የእጅ መዳፍ በሚያክል ቁራጭ ቁረጡ። ቦዮቹ ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ ጨምቃችሁ አስገቡና ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በዛፍ ግንድ ወይም በአጥር ላይ በምስማር ምቱት። ከሳምንት በኋላ ንክሻውን እዩ። አይጠመጎጥ ጠርዙን በጥንድ ጥንድ ቀጫጭን ጥርስ ቦይ እየቦጨቀ ይበላል። ፖሰም ፕላስቲኩን በሰፊው ጨፍልቆ ያኝካል። የትንሿ የቤት አይጥ ምልክት ደቃቅና ልቅምቃሚ ነው። ይህን የንክሻ ካርድ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት፤ ከስድስት ወር በኋላ ከአዲሱ ጋር ስታነጻጽሩት ሥራችሁ ለውጥ ማምጣቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ወጥመዱና ሣጥኑ

ለጓሮ የሚበቃው ተራው ባለ ሞላ ወጥመድ ነው፤ ከእንጨት መደብ ላይ የብረት ዘንግ ያለውና ሰፊ ቢጫ ፕላስቲክ መርገጫ የተገጠመለት ቪክተር የሚባለው እዚህ በብዛት ይሠራበታል። በጋዝ ኃይል ራሱን እየመለሰ የሚመታው ጉድኔቸር ኤ24 ጥሩ ነው፤ ግን ውድ ነው፤ ለጫካ መስመር እንጂ ለአንድ ጓሮ የግድ አይደለም።

ወጥመድን ሜዳ ላይ እንዲሁ ማስቀመጥ ግን አይገባም። መሬት ላይ የሚለቅም ወፍ፣ የጎረቤት ድመት፣ የልጅ ጣት አለ። ስለዚህ ሣጥን ያስፈልጋል። በቀላሉ ከፓይን ጣውላ ይሠራል፦ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ ዘንጉ ሲወነጨፍ ጣሪያውን እንዳይነካ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ወጥመዱ ሳይጣበቅ የሚገባበት ይሁን። አንደኛው ጫፍ ላይ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ መግቢያ ቀዳዳ ክፈቱ። አይጠመጎጥ በዚያ ይገባል፤ የአዋቂ ድመት ጭንቅላት አይገባም። ሌላኛውን ጫፍ በጣውላ አትድፈኑት፤ በሽቦ ወንፊት ዝጉት። ብርሃን ወዲያ ማዶ ሲታየው መተላለፊያ ይመስለዋልና ሳይፈራ ይገባል። እኔ የመጀመሪያውን ሣጥን በሁለቱም በኩል ጨለማ አድርጌ ነበር የሠራሁት፤ ያ አንዱ ስሕተቴ ነው። ጣሪያው በማጠፊያ ወይም በብሎን ይከፈት፤ ከባድ ይሁን፤ ልጅ በቀላሉ እንዳይከፍተው።

ሁለተኛው ስሕተቴ የከፋ ነበር፤ ወጥመዱን ገልብጬ ነው ያስገባሁት። የተወጠረው ዘንግ በአንድ በኩል ተኝቶ ይቆያል፤ ሲለቀቅ መሐል ላይ ካለው ሞላ ተነሥቶ ወደ መርገጫው ጎን ይወርዳል። እንስሳው ከመርገጫው በኩል ሲመጣ ዘንጉ አንገቱ ወይም ራሱ ላይ ያርፋል፤ በቅጽበት ይሞታል። ከዘንጉ በኩል ከመጣ ግን ዘንጉ ሲነሣ ገፍቶ ይወረውረዋል፤ ወይም እግሩን ይይዘዋል። ያመለጠ አይጠመጎጥ ዳግመኛ ወደ ሣጥን አይጠጋም፤ የቆሰለው ደግሞ ይሠቃያል። ስለዚህ መርገጫው ወደ መግቢያ ቀዳዳው ይዙር፤ ወጥመዱ የድመት እጅ እንዳይደርስበት ከቀዳዳው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እንዳይንሸራተትም በአንድ ብሎን ወለሉ ላይ ይጠበቅ።

የት ይቀመጥ?

አይጠመጎጥ ገላጣ ቦታ አቋርጦ መሄድ አይወድም። ግድግዳ ጥግ ጥጉን፣ አጥር ሥር ሥሩን፣ ጢሙን እያስነካካ ይሄዳል። ሲመላለስ የሰውነቱ ቅባት ጥቁር መስመር ይተዋል፤ በእጅ ባትሪ ዝቅ ብላችሁ ፈልጉት። ሣጥኑ ከዚያ መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ቀዳዳው በእንስሳው መንገድ ላይ ይዋል። በአንድ ጓሮ ሁለት ሣጥን ይበቃል፦ አንዱ ብስባሹ ወይም የዶሮ ቤቱ አጠገብ፣ ሌላው ጫካው ወይም ጅረቱ በሚያዋስናችሁ በኩል። መሬቱ ይደልደል፤ በእጃችሁ ስትጫኑት የሚወዛወዝ ከሆነ ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። የሚንቀጠቀጥ ወለል ላይ እግሩን አያሳርፍም።

ለመጀመሪያው ሳምንት አትወጥሩት

ትዕግሥት የሚፈትነው እዚህ ጋር ነው። አይጠመጎጥ አዲስ ነገር ይፈራል። ሣጥኑን አስቀምጡ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ አድርጉ፣ ወጥመዱን ግን አትወጥሩ። ከአራት እስከ ሰባት ቀን ይብላ፤ ቢጨርሰው ጨምሩለት። ምግቡ ሲበላ ካያችሁ በኋላ በዚያው ምሽት ወጥሩት። ሁሉም በአንድ ቀን ቢወጠሩ ይሻላል።

ማማለያው የአተር ፍሬ ያህል ብቻ ይሁን። ብዙ ከሆነ ከዳር ከዳር ልሶ ይሄዳል። ከመርገጫው ወዲያ ባለው በኩል ወይም መርገጫው ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ አጥብቃችሁ ጫኑት፤ እስኪያገኘው ድረስ መርገጫውን መጫን አለበት። ኦቾሎኒው ካልሠራ የቸኮሌት ቅቤ ሞክሩ። ሻጋታ ያወጣ ወይም ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ የላሰው ምግብ አይሠራምና በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ጠርጋችሁ ቀይሩ።

ስትወጥሩ ጓንት አድርጉ፤ ጣታችሁ ሁልጊዜ ከዘንጉ መውረጃ በኩል ይራቅ። ከመተዋችሁ በፊት መርገጫውን በቀጭን ዱላ ነክታችሁ ፈትኑ። ከባድ ከሆነ ማያዣው ዝጎ ይሆናል፤ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት።

ሲይዝ

ወጥመዱን ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ በሙቀት ወራት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ተመልከቱ። የሞተውን በጓንት አንሱ። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ስለሚያስተላልፍ ባዶ እጅ አይነካውም፤ ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ወይም በሁለት ከረጢት አሥራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጨምሩት። ወጥመዱን በሳሙና ማጠብ አያስፈልግም፤ የቀደመው ሽታ ሌላውን አያርቅም።

አልፎ አልፎ በሕይወት ያለ ይገኛል። ፊታችሁን አዙራችሁ አትሂዱ። ራሱን በከባድ ነገር በአንድ ኃይለኛ ምት መቶ መጨረስ ግዴታ ነው። ውኃ ውስጥ መድፈቅ ጭካኔ ነው፤ አይደረግም። ሙጫ ወጥመድም እዚህ አገር ከ2015 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ይህ እንስሳ በራሱ ፈቃድ አልመጣም፤ ሰው በመርከብ አመጣው። እንዲጠፋ እንፈልጋለን፤ ሲሞት ግን ሳይሠቃይ ይሙት።

ድመትና መርዝ

ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሣጥኑን ስወጥር አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ድመት አታሳድጊም?»

«እማዬ፣ እዚህ ድመቷም ወፎቹን ትበላለች።»

ትንሽ አሰበችና «እውነትሽን ነው፤ ድመት ምን ታውቃለች» አለች። በማግስቱ ከኔ ቀድማ ነጠላዋን ተከናንባ ሣጥኑን ልታይ ወጣች። ድመት ያላችሁ ሌሊት ቤት ውስጥ አሳድሯት፤ አይጠመጎጥ የመቀነስ ሥራ ለሷ የሚሰጥ አይደለም።

መርዝን በተመለከተ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ በወጥመድ መሥራት ከቻላችሁ መርዝ አትጀምሩ። በየመደብሩ የሚሸጠው ብዙው ብሮዲፋኩም የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለበት። የበላው አይጠመጎጥ ወዲያው አይሞትም፤ ለቀናት እየደከመ ይንከራተታል። በዚህ መሐል ሩሩ የምትባለው የሌሊት ጉጉት ትይዘዋለች፤ ውሻም ያገኘዋል። መርዙ ጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያልና የበላውም ይመረዛል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው። የግድ ከሆነ በተቆለፈ የመርዝ ሣጥን ብቻ፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፣ የሞቱትን በየቀኑ እየለቀማችሁ አድርጉት። ውሻችሁ በልቶ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ፤ በጊዜ ከተደረሰ በቫይታሚን ኬ1 ይታከማል።

መርዝ ትልቅ ሥራ የሠራበት ቦታ መኖሩን አልክድም። ሰው በማይኖርባት በካምቤል ደሴት፣ 11,300 ሄክታር ላይ፣ 2001 ክረምት በሄሊኮፕተር ተረጭቶ የኖርዌዩ አይጠመጎጥ ጠፍቷል፤ መብረር የማይችለው የደሴቷ ዳክዬም ወደ ቤቱ ተመልሷል። ያ ግን ዓመታት የታቀደ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከጓሮ ጋር አይነጻጸርም።

ይህን ለአገር ቤት ዘመዶቻችሁ የምትልኩ ከሆነም አንድ ነገር አክሉበት፦ ለዱር አይደለም። ባሌ ተራሮች ላይ ሳነቲ አምባ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ቀለቡ እዚያው የተፈጠሩት አይጦችና ግዙፉ ፍልፈል ናቸው። እነሱ የአገሩ ባለቤቶች ናቸው፤ ባይኖሩ ቀበሮውም አይኖርም።

ጎረቤትና ወቅት

አንድ ጓሮ ብቻውን አይበቃም። የያዛችሁት ቦታውን ሲለቅ ከጎን ያለው ይገባበታል። እዚህ አገር ለሰፈሮች የሚመከረው ከአምስት ቤት አንዱ ወጥመድ እንዲኖረው ነው። የጎረቤትን በር ማንኳኳት መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ሁለተኛ ሣጥን ሠርቼ ከድፎ ዳቦ ጋር ይዤ ሄድኩ፤ አሁን በመንገዳችን ስድስት ቤት ወጥሯል። ብዙ ሰፈሮች ሣጥንና ወጥመድ በነጻ ወይም በርካሽ የሚሰጥ የነዋሪ ቡድን ስላላቸው ቤተ መጻሕፍት ወይም ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። የያዛችሁትን ቀንና ዓይነት ትራፕ ኤንዜድ በተባለው ነጻ መተግበሪያ መዝግቡ፤ ባዶ የሆነበትንም ሳምንት ጭምር።

ዓመቱን ሙሉ ወጥመድ መተው ጥሩ ነው፤ ጉልበታችሁን የምታበዙበት ጊዜ ግን ሐምሌና ነሐሴ ይሁን። የአይጠመጎጥ ቁጥር በበልግ ፍራፍሬ ጠግቦ ከፍ ይላል፤ በብርዱ ወራት ደግሞ ምግብ ስለሚያጥር ማማለያውን ቶሎ ይቀበላል። ወፎቹ እንቁላል መጣል የሚጀምሩት ሴፕቴምበር አካባቢ ነው፤ እዚህም መስከረም ሲጠባ አበባው ይፈነዳል። እርጉዟ አይጠመጎጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይታ ትወልዳለች፤ ከጸደይ በፊት የተያዘች አንዲት ሴት የብዙዎች ምንጭ ነበረች።

ቁጥሩ ሲቀንስ ሥራው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። 2004 ላይ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ወንድ የኖርዌይ አይጠመጎጥ የሬዲዮ ማሠሪያ አንገቱ ላይ አድርገው አይጥ በሌለባት ትንሽ ደሴት ለቀቁት። ብዙ ዓይነት ወጥመድና ውሻ ቢያሰማሩም 18 ሳምንት አመለጣቸው፤ በመሐል 400 ሜትር ክፍት ባሕር ዋኝቶ ወደ ሌላ ደሴት ተሻገረ። በመጨረሻ የያዘው ትኩስ የፔንግዊን ሥጋ የተደረገበት ወጥመድ ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ባዶ ሆኖ የቆየ ሣጥን ስታዩ አትንቀሉት። ምግቡን ቀይሩ፣ ቦታውን በሁለት እርምጃ አዛውሩ፣ የንክሻ ካርድ ከጎኑ ስቀሉ። ካርዱ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት ንጹሕ ከሆነ ሣጥኑን እንደተወጠረ ትታችሁ፣ በወር አንዴ ምግቡን ማደስ ይበቃል።

ባለፈው ኦክቶበር የኛ ካርድ ንጹሕ ነበር። ፒዋካዋካዋ በዚያው ዛፍ ላይ፣ ከድሮው ቅርንጫፍ ትንሽ ከፍ ብላ ሠርታለች። ልጄ አራት ቆጠረች።